ሦስት ጊዜ ወጥታለች

«ሲስተሙ አይዋሽም፣ እናት» አለ የኮሌጁ የፈተና ክፍል ኃላፊ፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ። ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቱ ውጭ ቆማ የልጇ የተፈታኝ ቁጥር የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት እንደገና በቀዳዳው አሾለከችለት። ስትመጣ ይኼ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። መጀመሪያ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለች። ቀጥሎ «ሲስተም የለም» ተባለች። አሁን ሲስተሙ ሲመጣ ደግሞ የማይዋሽ ሆኖ መጣ። ኃላፊው ቢበዛ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ ቁጥሩን መታ መታ አደረገና ስክሪኑን ሳያዞርላት አነበበላት፦ ልጅቷ ትናንት ከአራት ሰዓት ጀምሮ በየቤቱ በኮምፒውተር በተሰጠው የሒሳብ አያያዝ የመጨረሻ ፈተና ላይ ሦስት ጊዜ ወጥታለች። ሁለቱ ይታለፋል። በሦስተኛው ሲስተሙ ፈተናውን ዘግቶ «ማጭበርበር» ብሎ ይመዘግባል።

«የት ነው የወጣችው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በሩ ላይ በርጩማ ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ! ውኃ እንኳ አልጠጣችም።»

ከኋላዋ ከተሰለፉት አንዱ ሳቀ። ኃላፊውም ፈገግ አለ። «ከቤት አይደለም፣ እናት። ከገጹ ነው። ሰው ከገጹ የሚወጣው መልስ ሊፈልግ ነው።»

እሷ ግን ያየችውን ታውቃለች። ትናንት ጠዋት ልጇ ኮምፒውተሯን ስትከፍት፣ እሷ ፍሪጁን ነቅላ፣ ካውያውን ነቅላ፣ አምፖሉን ሳይቀር አጥፍታ፣ በቤቱ ያለው መብራት በሙሉ ለዚያ ሣጥን እንዲሆን ብላ ነበር። ፈተናው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ሣጥኑ ጠቅ አለና ስክሪኑ ጠቆረ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እስኪነሣ አራት ደቂቃ ፈጀ። እንደገና ጠቅ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ ፈተናው የለም፤ በቀይ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንደተኛች ናት። ቅሬታ ማቅረብ የሚቻለው ደግሞ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

«መብራት ነው የሠራን» አለች።

«ሰፈራችሁ ትናንት መብራት አልጠፋም፤ ጠይቀናል።»

«ጠፋ አላልኩም። ወረደ ነው ያልኩት። ሌላም ቀን አምፖሉ እንደበራ ኮምፒውተሩ ይጠፋል።»

ኃላፊው የቅሬታውን ቅጽ አዙሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳያት። ሦስት ባዶ ሣጥኖች አሉት፦ ሕመም፤ የቅርብ ዘመድ ሞት፤ የመብራት መጥፋት። «መውረድ የሚባል ምክንያት የለንም» አለ። «ደንቡ ደግሞ ተፈታኙ አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይል ያዘጋጅ ይላል። ሌሎቹ ሁለት መቶ ሠላሳ ልጆች ተፈትነው ወጥተዋል። ማስረጃ ካለዎት ከባለሙያ ይዘው ይምጡ። ቀጣይ!»

ዕድሜ ልኳን «ቀጣይ» ስትባል ዞር ብላ መሄድ ታውቅበታለች። ዛሬም ዞር አለች። ደረጃውን ግን እየተብሰለሰለች ወረደች። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ሲመጣላት ኪሱ ውስጥ የተረሳውን እያወጣች «ይኼው ዕቃችሁ» ብላ የመለሰች ሴት፣ ልጇ በአንድ ጠዋት አጭበርባሪ ተባለች። እንዲያ ያላት ደግሞ ሰው አይደለም፤ ሰው ቢሆን ዓይን ለዓይን ተያይታ ትሟገተው ነበር።

በመንገዱ ጥግ ያለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ባለቤት በሰፈሩ «ዶክተሩ» ነው የሚባለው፤ በሽተኛ ሣጥን ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ተደርድሮ ተራ ስለሚጠብቅ። የተፈጠረውን ነገረችው። ሳያቋርጥ ሰማት፤ ይኼ ራሱ ዛሬ ከሰው ያገኘችው የመጀመሪያው ደግነት ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለውን የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር አየችና ዋጋውን ጠየቀች። አራት ሺህ ስምንት መቶ አላት። ባትሪ ያለውና መብራት ቢሄድ እንኳ ሩብ ሰዓት የሚያቆየው ደግሞ የዚህን እጥፍ ያወጣል። በልቧ ወደ ተማሪ ዩኒፎርም መነዘረችው፤ ስንት ሱሪ፣ ስንት ጃኬት። ከመጨረሱ በፊት ተወችው።

«ለመሆኑ እነዚያ ሁለት መቶ ሠላሳዎቹ እንዴት ተፈተኑ?» አለችው።

«አብዛኞቹ ላፕቶፕ አላቸዋ። ላፕቶፕ ባትሪውን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ መብራት ቢወርድም ቢጠፋም አይሰማም። የእናንተ ዓይነቱ ሣጥን ግን ከግድግዳው በሚመጣለት ነው የሚኖረው።» መሣሪያውን ሻንጣው ውስጥ ከተተና ሱቁን ቆልፎ አብሯት ወጣ።

ቤቱ ከእናትና አባቷ ከወንድሟ ጋር የወረሱት ነው። ፊት ለፊት ያሉትን አራት ክፍሎች ታላቅ ወንድሟ ከነሚስቱ ይኖርባቸዋል፤ ከጓሮ ያሉት ሁለቱ የእሷና የልጇ ናቸው። ቆጣሪው አንድ ነው፣ በወንድሟ ግድግዳ ላይ። በአንደኛዋ ክፍል አልጋው፣ የልብስ መስፊያው ማሽን፣ የዩኒፎርሙ ክምርና ኮምፒውተሩ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ አንዱን ለማለፍ ሌላውን መግፋት ግድ ነው። የማሽኑ ሞተር ከሥር ተነቅሎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከሁለት ወር በፊት የቤቱ መብራት መፍዘዝ ሲጀምር ወንድሟ ጓሮ ድረስ መጥቶ «ያንቺ ማሽን ነው መስመሩን የሚያደክመው» አላት። አመነችው። ይቅርታም ጠየቀችው። ሞተሩን ፈትታ ሁለት ወር ሙሉ በእግሯ እየረገጠች ሰፋች፤ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ ሲነፋ በሙቅ ውኃ እየዘፈዘፈች።

ልጅቷ ዶክተሩ ሲገባ አልተነሣችም። እሱም አልቀሰቀሳትም። ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ስክሪኑ ላይ አንድ ዝርዝር አወጣና እናትየውን ጠርቶ አሳያት። ኮምፒውተር ሰው እንደሚገባ ሳይዘጋው ድንገት ከጠፋ፣ ሲነሣ የጠፋበትን ሰዓት ራሱ ጽፎ ያስቀምጣል አላት። ትናንት ጠዋት ሦስት ጊዜ ጽፏል፦ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት፣ አራት ሰዓት ከአርባ ሁለት፣ አምስት ሰዓት ከስድስት። «መልስ ሊፈልግ ከገጹ የወጣ ሰው ኮምፒውተሩን አያጠፋም» አለ። «ግን ይኼ ብቻውን አይበቃም። ራሷ ነቅላው ነው ይሏችኋል።»

ከዚያ የመብራቱን ቮልት የሚለካውን መልቲሜትር ሁለት ጫፎች ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ውስጥ ከተተ። ሁለት መቶ አሥራ አራት። «ደህና ነው» አለና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቁጥሩን መከታተል ጀመሩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። እፍረት እፍረት አላት፤ ሰውየውን ሥራ አስፈትታ በከንቱ ያመጣችው መሰላት። ድንገት አምፖሉ ወደ ቢጫ ዞረ። ፍሪጁ ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው አቃሰተ። ቁጥሩ መቶ አርባ ዘጠኝ ላይ ወደቀ፤ ኮምፒውተሩም ጠቅ ብሎ ጠፋ።

አልጋው ላይ ያለችው ልጅ ቀና አለች። «ይኼው!» አለች በሰለለ ድምፅ። «እማ፣ ይኼው!»

«ኮምፒውተር ቻይ ነው» አለ ዶክተሩ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እያሰፈረ። «አምፖል መብራት ሲያንሰው ወዲያው ይፈዛል፤ ያሳብቃል። ይኼ ግን ቮልቱ ሲቀንስበት አብዝቶ እየሳበ ራሱን ይደጉማል። ምንም ያልሆነ መስሎ ሥራውን ይሠራል። ውስጡም ትንሽ መብራት ያጠራቅማል፤ እሷም ለዓይን ጥቅሻ ያህል ታቆየዋለች። ወሰኑ ሲያልፍ ግን ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ጥያቄው፣ ይኼን ሁሉ መብራት የሚጠጣው ማነው?»

ሽቦውን ተከትሎ ወጣ። እሷና ልጇ ተከተሉት፤ ልጅቷ በባዶ እግሯ፣ ፀጉሯ እንደተኛችበት። ከቆጣሪው ወደ ጓሮ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አንድ ቦታ ላይ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩ ቀልጦ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል። ከዚያ ጥቅልል ሌላ ወፍራም ሽቦ ተነሥቶ በወንድሟ ኩሽና መስኮት ገብቷል።

በኩሽናው ውስጥ የወንድሟ ሚስት እስከ ክርኗ ዱቄት ሆና ትሪ ታስገባለች። ካለፈው ሁለት ወር ጀምሮ ለልደት ኬክ በትእዛዝ ትጋግራለች፤ ትልቁ ኦቭን የዚያን ጊዜ የተገዛ ነው። ወንድሟ ከሳሎን ብቅ አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ሽቦ የምንድን ነው?»

«የምኑ ሽቦ?»

«ከእኔ መስመር ተቀጥሎ እዚህ የገባው።»

ወንድሟ ሽቦውን እንደማያውቅ ሰው ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ዶክተሩ በእጁ የያዘውን መልቲሜትር አየና ነገሩን ቀለል ሊያደርገው ፈለገ። «አሃ፣ እሱማ… ከፊቱ መስመር ስናስቀጥለው ቴሌቪዥኑ እየጠፋ አስቸገረን። ጓሮ ምን አለ ብዬ ነው። አንድ አምፖል፣ አንድ ፍሪጅ። ምን ትጎዳለች ብዬ።»

ምን ትጎዳለች።  ልብስ ሰፊዋ ወደ እግሯ ነው ያየችው፤ በላስቲክ ጫማው ውስጥ ያበጠውን። «ማሽንሽ ነው አልከኝ» አለች። «ሽቦውን ራስህ አስቀጥለህ፣ ጓሮዬ ድረስ መጥተህ ማሽንሽ ነው አልከኝ። ይቅርታ አስጠየቅኸኝ።»

«ሊሆንም ይችላል አልኩ እንጂ…»

«እሺ ይሁን። እሱ የእኔና ያንተ ነው። አሁን ለልጅቷ ድረስላት። መስመሩ ላይ ምድጃ መኖሩን ጻፍና ፈርምልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወንድሟ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ፤ ብዕሩ ከአየር ላይ እንዳይያዝበት የፈራ ይመስል። «ስሜን ወረቀት ላይ? ነገ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ያንን ይዞ ቢመጣብኝስ? ለቤት በተፈቀደ ቆጣሪ እንዲህ ያለ ምድጃ ማሠራት ክልክል ነው።» ወደ ልጅቷ ዞር አለ። «አንቺ ደግሞ ምን ያንሰፈስፍሻል? ለከርሞ ደግመሽ ትፈተኛለሽ፤ ሰማይ አልተደፋ። ሰው ለአንድ ፈተና ብሎ የአጎቱን ቤት ያዘጋል?»

«ለከርሞ አልፈተንም፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ። «ያጭበረበረ ተማሪ ይባረራል።»

 ኦቭኑ ውስጥ የቀላው ብረት ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል። ወንድሟ ወለሉን አየ፤ የወለሉን ስንጥቅ እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ተከተለ፤ እዚያ ሲደርስ ቀና ማለት ስላልፈለገ መልሶ ተከተለው።

«አራት ከሩብ» አለች የወንድሟ ሚስት።

ሁሉም ዞሩ። ሴትዮዋ በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ድምጿ የማይሰማ ናት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከኦቭኑ ጎን በሚስማር የተሰቀለ የካርቶን ክዳን አወረደች። የኦቭኑን መቆጣጠሪያ ገና ስላልለመደችው ትሪ ባስገባች ቁጥር ሰዓቱን በእርሳስ ትጽፋለች፤ እንዳያርርባት። የትናንቱን በጣቷ አሳየቻቸው፦ አራት ከሩብ፣ አራት ከአርባ፣ አምስት ከአምስት፣ አምስት ተኩል። «በሩን ስከፍት ሙቀቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ላይና ታች ያሉት ብረቶች አንድ ላይ ይነሣሉ» አለች። ዶክተሩ የራሱን ወረቀት ከካርቶኑ ጎን አስጠጋ። ሦስቱም ሰዓት ትሪው በገባ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። አራተኛውን ትሪ የጻፈችው ፈተናው ከተዘጋ በኋላ ነበር፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!» አለ ወንድሟ።

«የጋገርኩት እኔ፣ የጻፍኩት እኔ» አለች። «መመስከሩስ ለምን ለሌላ ይቀራል?» ከካርቶኑ የትናንቱ ሰዓት ያለበትን ክፍል ቀደደችና ከሥሩ ስሟን ጽፋ፣ «ምድጃው የእኔ ነው» ብላ ፈረመችበት። እጇ ዱቄት ስለነበር ፊርማው ላይ ጣቷ ታተመ። ለልብስ ሰፊዋ ስትሰጣት «እኔ ከየት እንደተቀጠለ አላውቅም ነበር፣ እህቴ» አለቻት። «መጠየቅ ግን ነበረብኝ።»

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ፊት ደረሰች፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ልጇ ጫማዋን አጥልቃ አብራት መጥታለች። ኃላፊው የዶክተሩን ጽሑፍ አነበበ፤ ካርቶኑን ገለባብጦ አየው፤ አሸተተውም። ቫኒላ ይሸታል። ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጋር አስተያየ። ከዚያ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና አንድ የተዘጋጀ ቅጽ አትሞ በቀዳዳው አሳለፈላት። «በሉ፣ ዕድለኛ ናችሁ። ሐሙስ ትፈተን። እዚህ ጋ ሁለታችሁም ፈርሙ።»

ልጅቷ ብዕሩን አንሥታ ነበር። እናቷ እጇን ያዘችና ወረቀቱን ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል አነበበች። «ተፈታኟ ለፈጸመችው የደንብ ጥሰት ይቅርታ ተደርጎላት…» ይላል። ቀና አለች።

«ምን አጥፍታ ነው ይቅርታ የሚደረግላት?»

«ቅጹ ነው፣ እናት። ሁሉም የሚፈርመው እሱን ነው። ዋናው መፈተኗ አይደል? ቃሉ ምን ያደርግልዎታል?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ከጠዋት ጀምሮ፣ ምናልባትም ከሁለት ወር ጀምሮ፣ ዋጥ አድርጋ የያዘችው ነገር የወጣው። «አንተ ልጅ፣ ስማኝ» አለች፤ «እርስዎ» ማለቱን እዚያው ተወችው። «ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ምን እንዳተረፈልኝ እግሬን እይ። ልጄ አትፈርምም። ጠዋት ሲስተሙ አይዋሽም አልከኝ። ይኼው ሲስተምህ የዋሸበት ሰዓት፣ በእርሳስ ተጽፏል። ሲስተሙን ይቅር በለው እንጂ ልጄን ምን በወጣት!»

 ከኋላ ከተሰለፉት አሁን ማንም አልሳቀም። ኃላፊው የቅጹ ይዘት እንደማይለወጥ፣ ሥልጣኑ እንዳልሆነ፣ ሰዓቱም እየደረሰ መሆኑን ነገራት። እሷ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከበስተኋላዋ የነበረው ወጣት ተራው ሲደርስ «እሳቸው ይጨረስላቸው፤ እጠብቃለሁ» አለ። ቀጥሎ የነበረችውም እንደዚያው አለች። ለሃያ ደቂቃ አንድም ሰው ወደ መስኮቱ አልተጠጋም። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ስልክ ደወለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነው ያወራው። ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን ሌላ ወረቀት መጣ፣ ምልክት የሚደረግበት ሣጥን የሌለበት፣ በሦስት መስመር የተጻፈ፦ ፈተናው የተቋረጠው በኤሌክትሪክ ኃይል መውረድ ነው፤ ተፈታኟ ጥፋት የለባትም፤ ሐሙስ በተቋሙ ክፍል ውስጥ በተቋሙ ኮምፒውተር ትፈተናለች። ማኅተም ተደርጎበታል። ልጅቷ ሁለተኛውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበች፤ ከዚያ ሕዝብ መሀል ቆማ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ቤት ሲደርሱ ወፍራሙ ሽቦ ከጣሪያው ሥር ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፤ ማን እንደቆረጠው አልተነገራቸውም። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ የማሽኑን ሞተር ከላስቲኩ ፈትታ ብሎኑን እያሰረች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው። ወደ ውስጥ አልገባም፤ አንድ እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ ቆመ።

«አስገባችሁት?» አላት በሹክሹክታ።

«አስገባን።»

«እዚያ ላይ… የእኔ ስም አለበት?»

ጠበቀች። ሌላ ነገር ይጠይቅ እንደሆነ ጠበቀችው። ልጅቷ እንዴት ሆነች ይል ይሆናል። እግርሽ እንዴት ነው ይል ይሆናል። እሱ ግን ዓይኑን አፏ ላይ ተክሎ የሚጠብቀው ያችኑ አንዲት መልስ ነበር። «የለበትም» አለችው። ትንፋሹን ለቀቀ፤ «ተመስገን» ብሎ ደረቱን ነካ አደረገና ተመልሶ ሄደ።

«ማነው እማ?» አለች ልጅቷ ከደብተሯ ሳትነሣ።

«አጎትሽ ነው። ስሙን ፈልጎ መጥቶ ነው።»

«አገኘው?»

«የለም አልኩት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ብሎኑን አጥብቃ እያዞረች። «ደስ ብሎት ሄደ።»